አንዲት የዚንክ ቅንጣት

ጥር 9

አባዬ፣

«ሰውነታችን ካንሰርን የሚከላከል የራሱ ዘበኛ ካለው፣ ታዲያ ሰው ለምን ይታመማል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ ብቻ አይደለህም። ሥራዬን የነገርኩት ሰው ሁሉ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ሳይቀር፣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ዘበኛውም ይታመማል።

ረዘም አድርጌ ላስረዳህ። ስልክ ላይ ብሞክረው እንደ ባለፈው ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ አንተ ግን አትሰማኝም። አርባ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥበት ለኖረ ጆሮ ደብዳቤ ይሻላል።

በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ የአሠራር መመሪያ አለ፤ ዲኤንኤ የሚባለው። ዘበኛው ደግሞ ፕሮቲን ነው። መመሪያው ሲጎዳ ዲኤንኤው ላይ የታወቀች ቦታ ጨብጦ ይይዝና «ቁም፣ ሳትጠገን አትባዛ» ይላል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ በራሱ እንዲሞት ያዛል። ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ግን ይኸው ዘበኛ ራሱ ተበላሽቶ ይገኛል። ተመራማሪዎች የተበላሸውን ለመረዳት ደህናውን ከጎኑ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። እኛ የምንሠራላቸው ደህናውን ነው። ከሰው አንወስደውም። የሰውን መመሪያ ቆርጠን ባክቴሪያ ውስጥ እንቀጥለዋለን፣ ባክቴሪያዋ የራሷ መስሏት ትሠራልናለች። ሪኮምቢናንት የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ተቀጣጥሎ የተሠራ እንደ ማለት። መድኃኒት ግን አይደለም። ሻይ ቤት ገብተህ «ልጄ የካንሰር መድኃኒት አገኘች» እንዳትል አደራ። ቱቦው ላይ «ለምርምር ብቻ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ክፍላችን ጠባብ ነው። አንዱ ጥግ ላይ ብልቃጦቹን ሲያወዛውዝ የሚውል ማሽን አለ። ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ አንድ የጋራ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ለሁላችንም ይሰፋል፣ የግራ ኪሱ ቀዳዳ ነው፣ እስካሁን ሁለት እስክሪብቶ ገበሩ ውስጥ ቀርቶብኛል። አለቃዬን ሁሉም ሰው «ሚዛን» ነው የሚላት። ያልተመዘነ ነገር አታምንም። የገባሁ ቀን ቁጭ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ይህን ፕሮቲን ካንቺ በፊት ሁለት ሰዎች ሞክረውት እምቢ ብሏቸዋል። የሙከራ ጊዜሽ መጋቢት 30 ያልቃል። እስከዚያ ዲኤንኤ የሚጨብጥ ፕሮቲን ካሳየሽኝ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሆነ ሥራውን እንዘጋለን፣ አንቺንም በሰላም እንሸኛለን።»

ታውቀኛለህ፣ ከመደንገጥ ይልቅ እጄን በላኝ። ወዲያው ልጀምር አልኳት። «መጀመሪያ ካፖርቱን ልበሺ» አለችኝ።

ለአንተ ብዬ ያስቀረሁት ወሬም አለ። የዚህ ፕሮቲን መጨበጫ እጅ ውስጥ አንዲት የዚንክ ቅንጣት አለች። አዎ፣ ያው አንተ የምታውቀው ዚንክ፣ ቆርቆሮህ እንዳይዝግ የሚለበጥበት። እሷ ከሌለች እጁ አይጨብጥም። እንግዲህ እኔም የቆርቆሮ ሥራ ነው የያዝኩት በላቸው። ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ የጀመርከው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ጣራስ፣ አራት ቆርቆሮ ብቻ ያልከኝ፣ አለቀ?

ጥድፊያህ

*

ጥር 23

ለልጄ ለጥድፊያ፣

ጉልበቴ ደህና ነው፣ ስለጠየቅሽ ተባረኪ። የልብስ ሰፊዋ ጣራ ግን አላለቀም። ቆርቆሮው አራት ብቻ መሆኑን አልረሳሁም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሷል። እንጨቱን ስቀይር አሸንዳው ጠመመ። አሸንዳውን ላቃና ስል ደግሞ የግድግዳው ጠርዝ ወለቀ። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ዚንኩን ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ሻይ ቤት ቆሜ «ሰው ውስጥም ዚንክ አለ፣ ልጄ አይታዋለች» ስል ቀለም ቀቢው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለካ ለዚህ ነው ዝናብ አናትህ ላይ የማይቆመው» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የሳቅሁት፤ ወረቀት ላይ እስኪጽፉልኝ ድረስ ጠብቄ።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ሌላው ሰው አትጮህብኝም። የምትለኝን ጨርቅ በምትተልምበት ጠመኔ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ትጽፈዋለች፣ አነበዋለሁ፣ በክንዷ ታጠፋዋለች። ፊደሏ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ሰላም ብላሻለች።

የትከሻሽን ስፋት ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂ።

ዘበኛውስ? ጨበጠ?

አባትሽ

*

የካቲት 10

ለተከበርከው አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ከፍ ያለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራው በጥሩ ሁኔታ በመከናወን ላይ ይገኛል። የሥራ ባልደረቦቼ መልካም ሰዎች ናቸው። የአካባቢው አየርም ተስማሚ ነው።

ትከሻዬ 38 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለልብስ ሰፊዋ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ልጅህ

*

የካቲት 17

ጥድፊያ፣

ደብዳቤሽ ደረሰ ወይ ካልሽ፣ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንድም ጊዜ አላመንኩትም።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆነሽ የጎረቤትን መስኮት የሰበርሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ሌላ ጊዜ በሩን በርግደሽ የምትገቢው ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ገብተሽ «ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ፣ እንደምን ዋልክ?» አልሽኝ። ያኔውኑ ተነስቼ መስታወት ልገዛ ሄድኩ። «የአካባቢው አየር ተስማሚ ነው» ስትይኝ አሁንም እግሬ ወደ መስታወት ቤት ሊሄድ ነበር።

ምን ሰበርሽ? ንገሪኝ። እኔ ጣራ ላይ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስንት ጊዜ ወድቄ እንደተነሳሁ ታውቂያለሽ።

ትከሻሽን አስተላልፌያለሁ። «ከስታለች» ብላ ጻፈች ልብስ ሰፊዋ። ሳታይሽ እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

አባትሽ

*

የካቲት 24

አባዬ፣

አልቅሼ አላውቅም፣ ለዚያ አታስብ። አንድ ጊዜ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ትንሽ ዓይኔ ውሃ አዘለ፣ እሱንም በብርዱ አሳብቤዋለሁ።

አልጨበጠም። ሁለት ጊዜ ሠራሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልጨበጠም።

እንዴት እንደምንፈትነው ልንገርህ። ዲኤንኤውን እንዲያበራ ምልክት እናደርግበትና ከፕሮቲኑ ጋር ቀላቅለን ጄሊ በመሰለ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ እናስሮጠዋለን። ብቻውን ያለ ዲኤንኤ ፈጥኖ ወደ ታች ይሮጣል። ፕሮቲን የጨበጠው ግን ሸክም ስላለበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልክ አንተ ቆርቆሮ ተሸክመህ ገበያ መሃል እንደምታልፈው። የኔ ሁሉም ሮጠ። የቀረ የለም።

የሚያናድደኝ ፕሮቲኑ ማማሩ ነው። ስንትና ስንት ጊዜ አጥቤ፣ አንድም ሌላ ነገር ሳይቀላቀልበት፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት አድርጌ ነው ያወጣሁት። ሚዛን ራሷ «እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም» አለች። ደስታዬ ሳያልቅ የፈተናውን ፎቶ አየችና «መልከ መልካም ሰነፍ» አለችው። እኔን ነው እሱን ነው ብዬ ግራ ገባኝ።

አንድ ወር ከስድስት ቀን ነው የቀረኝ። ከተማው ማዶ ያለው ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ዶክተር ፕሮቲኑን ትጠብቃለች። የተበላሸውን ዘበኛ ሊያቃና ይችላል የምትለውን ነገር ለመሞከር ደህናው ከጎኑ ካልተቀመጠላት አይሆንላትም። በየሰኞው ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት ማስተካከል እጀምራለሁ።

ያንተስ ጣራ? አራት ቆርቆሮ ሰባት ሳምንት? አባዬ፣ እኔ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ፕሮቲን አበላሽቻለሁ።

ጥድፊያህ

*

መጋቢት 2

ልጄ፣

ስለ ኔ ጣራ ሌላ ጊዜ እናወራለን። እኔን የከነከነኝ «ንጹሕ ነው» ያልሽው ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንዲት የሰፈራችን መምህርት የቆርቆሮ በርሜል ሠርቼላት ነበር። አዲስ ቆርቆሮ፣ ዚንኩ ያልተነካ። ትንሽ ቆይቶ ላዩ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ታያት። ቆሻሻ መሰላት። ንጹሕ ሴት ናት፣ ምን ታድርግ፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ገዝታ አንድ ቀን ሙሉ ስትፈትግ ዋለች። እንደ መስታወት አበራ። ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ሁለት ወር ሳይሞላ በርሜሉ ዛገ፣ እሷም ደጄ መጥታ «የሸጥክልኝ ውሸት ነው» ብላ ጮኸች። ለኔ ጩኸቷ አልደረሰኝም፣ በእጇ አወራረድ ግን ገባኝ።

በርሜሉን ዞር ዞር ብዬ አየሁትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። አንቺንም እሱኑ እጠይቅሻለሁ።

በምን አጠብሽው?

እኔ የፕሮቲን ነገር አላውቅም። የዚንክ ነገር ግን አውቃለሁ። ዚንክ የሚጠፋው በቆሻሻ አይደለም፣ በንጽሕና ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አትቸኩዪ። ብትቸኩዪም ለቅመሽ ጨርሺ።

አባትሽ

*

መጋቢት 10

አባዬ፣

ጥፋቱን አገኘሁት፤ ለአለቃዬም ራሴ ነገርኳት። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላውራህ።

ደብዳቤህን አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ ከፈትኩት። «በምን አጠብሽው?» ላይ ስደርስ አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ትኬት ቆራጩ በመስኮት «ኧረ ዶክተር፣ ግቢ እንጂ» ይለኛል፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ እስቃለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ሮጥኩ።

ማጠቢያው ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ጨው አለ። ሥራው ብረታ ብረትን መልቀም ነው። ፕሮቲን የሚቆራርጡ አንዳንድ ጥፋተኞች ብረት ካላገኙ ስለማይሠሩ፣ ፕሮቲኑን ከነሱ ለመጠበቅ ይጨመራል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን «ኢዲቲኤ የሌለበት ማጠቢያ፣ በር የሌለው ቤት ነው» ይሉን ነበር። የሚዛን መመሪያ ላይ ግን አልተጻፈም። እኔ ተረስቶ ነው ብዬ፣ እሷን ላለማሳፈር ዝም ብዬ ጨመርኩበት። ዚንኳን ለአንተ በኩራት ጽፌ፣ በገዛ እጄ ለቅሜ አወጣኋት።

ቢሮዋ ስገባ ከመደንገጤ የተነሳ «ሚዛን» ብዬ ጠራኋት፣ በፊቷ።

«አቤት» አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

«ማጠቢያው ውስጥ ኢዲቲኤ ጨምሬ ነበር።»

«ስንት?»

«አንድ ሚሊ ሞላር።»

«የትኛው ውስጥ?»

«ሁሉም ውስጥ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። የተረሳ መስሎኝ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተችና ከኔ በፊት የሞከሩትን የሁለቱን ሰዎች ደብተር አወጣች። በአንደኛው ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፦ «ኢዲቲኤ ተጨምሯል፣ ተረስቶ ነበር»። የሁለተኛው የመጨረሻ ገጽ ላይም እንዲሁ። ሦስታችንም ከዚያው መምህር ነው የተማርነው፤ ሦስታችንም የሚዛንን «ስሕተት» በትሕትና አርመን፣ ሦስታችንም ዝም ብለናል።

ሚዛን ደብተሮቹን ዘግታ ጣራ ጣራ አየች። «ሦስት ዓመት ሙሉ የደከምኩት በሦስት ጎበዝ ተማሪ ምክንያት ነው» አለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እየሳቀች ነበር። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ለካ እንደዚያ ነው የምትስቀው።

«ሂጂና ብልቃጥ አጣጥቢ» አለችኝ። «በውሃ።»

እሷ ባክቴሪያዎቹ የሚያድጉበት ምግብ ውስጥ ጥቂት ዚንክ እንድንጨምር ወሰነች። ሃያ ቀን አለኝ። እስካሁን ምንም አላውቅም፤ እንዳትናገር፣ በተለይ ለቀለም ቀቢው።

ጥድፊያህ

*

መጋቢት 27

አባዬ፣

ጨበጠ።

ሌላውን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብበው። ፎቶውን ሳየው ከሚሮጠው በላይ አንዲት ደማቅ መስመር ወደ ኋላ ቀርታለች። ሸክም የያዘች፣ ቀስ የምትል፣ ክብሯን የጠበቀች። ጮቤ ረገጥኩ። ካፖርቱን ለብሼ ስለነበር ሦስተኛው እስክሪብቶም ገበሩ ውስጥ ገባ።

ሚዛን አንድ ጊዜ ያየችውን አታምንምና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ጨበጠ። ዶክተሯ ሰኞ ስትደውል ስልኩን እኔ አነሳሁት። ሰው አልላከችም፤ በረዶ የሞላ ሣጥን ታቅፋ ራሷ መጣች። ትንንሾቹን ቱቦዎች እንደ ዕንቁላል አንድ በአንድ ስትደረድር ቆይታ «ማን ነው የሠራው?» አለች። ሚዛን ወደ እኔ በአገጯ ጠቆመች። «እሷና አንድ ጣራ ሠሪ» አለቻት።

«ዚንክ አታብዙ፣ ሲወፍር ይላጣል» ብለህ በቀደም የጻፍክልኝንም ለሚዛን ነግሬያት ነበር። እሷም ያነበበችው ጥናት ይህንኑ ይላል፤ ሲበዛ ፕሮቲኑ ተጓጉሎ ይቀራል። «አባትሽ ሥራ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ ይሁን የምር ገና አልመዘንኩትም።

ቋሚነቴን ትናንት ፈረምኩ። የማጠቢያው መመሪያ ላይ ሚዛን በቀይ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ኢዲቲኤ አይጨመርም። አልተረሳም። ያልገባው ጥድፊያን ይጠይቅ።» ስሜን እንዲህ ግድግዳ ላይ አየዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባዬ፣ እኔ የሰበርኩትን ነግሬሃለሁ። ያንተ ተራ ነው። አራት ቆርቆሮ ዐሥራ አንድ ሳምንት አይፈጅም። ምን ደብቀኸኛል? ወድቀህ ነው?

ጥድፊያህ

*

ሚያዝያ 4

ልጄ፣

አልወደቅኩም። ማለት፣ ከጣራ አልወደቅኩም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሻይ ቤቱን ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ቀለም ቀቢው «ልጅህ አንተን አልመሰለችም፣ ሥራ ጨረሰች» አለኝ። እውነቱን ነው። እንግዲህ እውነቱን ካነሳን፣ ጣራው የካቲት መግቢያ ላይ አልቋል።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አንድ ምስማር አላላ ነበር። ነገ መጥቼ ላጠብቀው ነዋ። አትሳቂ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሰው ቤት ደጃፍ ያለ ሥራ መቆም ያሳፍረኛል። እሷም እየሰፋች በመስኮት ታየኝ ነበር። አንድ ቀን ከመሰላሉ ስወርድ ጠረጴዛዋ ላይ እንዲህ የሚል ጠበቀኝ፦ «ያንን ምስማር ስንት ጊዜ ነው የምትነቅለው? በበሩም መግባት ይቻላል።»

እናትሽ ካረፈች ዐሥራ አራት ዓመት ሆነ። አልረሳኋትም፤ ልብስ ሰፊዋም እንድረሳት አልጠየቀችኝም። እንዲያውም ስለ እሷ አውራኝ ትለኛለች። ላንቺ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሳሁ፣ ስለ አሸንዳ ጽፌ ተቀመጥኩ። አንቺ ግን አለቃሽ ፊት ቆመሽ «እኔ ነኝ» አልሽ። ልጁ ያን ያህል ወኔ ካላት አባቷ ምን ሆኖ ነው የሚደበቀው?

ትከሻሽን የጠየቅሁሽ ቀሚስ እየሰፋችልሽ ስለሆነ ነው። የሠርጉን ቀን ግን አልቆረጥንም። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛው ላይ «ልጅህ ምን ትላለች?» ብላ ጻፈች። ያቺን ብቻ በክንዷ አላጠፋቻትም። እስካሁን አለች። ጨርቁን የምትቆርጠው በቀረው ግማሽ ላይ ነው፤ ትልቅ ልብስ ሲመጣ ትቸገራለች፣ ግን አትነካትም።

ምን ልበላት?

አባትሽ

*

ሚያዝያ 11

አባዬ፣

ጠረጴዛውን ጥረጉት። ሴትዮዋ ሰፋ አድርጋ ትቁረጥበት።

«ከስታለች» ብላ የጻፈች ቀን ነው የጠረጠርኩት፤ ምስማሩን ግን በሕልሜም አላሰብኩትም። ለሚዛን ነግሬያት ያንን ድምፅ የሌለው ሳቋን ስትስቅ መነጽሯ ወደቀ። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ቀኑን ብቻ ንገረኝ። የጋራውን ካፖርት ይዘሽ ሂጂም ብላኛለች፣ ለምን እንደሆነ ከታች ታያለህ። ማለት፣ አታይም፤ ቀጣዩ ገጽ ላንተ አይደለም። ለእሷ ስጥልኝ። እንደምታነበው አውቃለሁ።

ጥድፊያህ

—

ይድረስ ለአባቴ ልብስ ሰፊ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «እመቤት» ብል የሱቅ ደንበኛ መሰልኩ። «እትዬ» ብል ጨው ልበደር የመጣሁ መሰለኝ። ሌላውን ቃል ደግሞ ሳይፈቀድልኝ አልደፍረውም። ሳልጠይቅ አንድ ነገር መጨመር ምን እንደሚያመጣ ዘንድሮ ተምሬያለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ባዶ ቱቦ ልኬያለሁ። የመጀመሪያው ዘበኛ የነበረበት ነው፤ አጥቤዋለሁ፣ በውሃ። ላዩ ላይ «ለምርምር ብቻ» ይላል። ክዳኑ ጠበቅ ያለ ስለሆነ መርፌ ያስቀምጡበታል ብዬ ነው። ስመጣ አንድ ካፖርት ይዤ እመጣለሁ፤ ገበሩ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ አለ፣ የኪሱን ቀዳዳ ቢደፍኑልኝ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ያመሰግንዎታል።

አባቴ የሚጠብቀው ነገር ካለ በእጁ ያለውን ሥራ አይጨርስም፤ ይህን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ምስማሩን እንዳይነካ አደራ። ዝናብ እየመጣ ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ መልሱን ከእሱ ሳይሆን ከእርስዎ እጅ ማየት እፈልጋለሁ፤ በጠመኔም ቢሆን፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይም ቢሆን። ምን ብዬ ልጥራዎት? ይጻፉልኝ።